የፍሳሽ ጅረት መቁረጫን ከጭነት ማን ይጠብቀው?



በማከፋፈያ ሰሌዳ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ለሰው ሕይወት የቅርብ ጠባቂ የሆነው የፍሳሽ ጅረት መቁረጫ፣ ኤሌክትሪሻኖች «ሊኬጅ ብሬከር» የሚሉት ነው። ለዚሁ ተግባር በመኖሪያ ቤት የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ ዓይነት ነው። ይህ ጠባቂ ራሱ ጠባቂ የሚያሻው መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በፌዝ የሚገባውና በኒውትራል የሚመለሰው ጅረት በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ የአንዱ መግነጢሳዊ ኃይል የሌላውን ያጠፋዋል፤ ከፊሉ በሰው አካል ወይም በተበላሸ ሽፋን በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ ልዩነት ይፈጠርና መሣሪያው ይቈርጣል። ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲመጣስ? ብዙ ይገባል፤ ያው ብዙ ይመለሳል፤ ልዩነት የለም። ስለዚህ በተራው ሊኬጅ ብሬከር ላይ የተጻፈው 40 አምፔር የመሸከም ዐቅሙን እንጂ የሚቈርጥበትን መጠን አያመለክትም።

አንድ የአዲስ አበባ መኖሪያ ቤት ይታሰብ። የእንጀራ ምጣዱ 3,500፣ ምድጃው 4,000፣ የውኃ ማሞቂያውና የልብስ ማጠቢያው እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 11,500 ዋት፣ በ220 ቮልት 52 አምፔር ገደማ ይሆናል። በበዓል ዋዜማ ሁሉም አብረው ቢሠሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የየመስመሩ ብሬከር ከመጠኑ ስላላለፈ አይቈርጥም፤ ዋናው ብሬከር ባለ 63 አምፔር ከሆነ እርሱም ዝም ይላል። በመካከል ያለው ባለ 40 አምፔር ሊኬጅ ብሬከር ግን ይግላል። ሙቀቱ ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በ40 አምፔር ከሚያመነጨው 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህ ሲደጋገም ማሰሪያዎቹ ይላላሉ፤ ፕላስቲኩ ይጠቍራል፤ የውስጥ መገናኛዎቹም ሊጣበቁ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ይበራል፤ ምጣዱም ይሠራል፤ ፍሳሽ በመጣ ዕለት ግን መሣሪያው ላይቈርጥ ይችላል።

«ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠራም» የሚለው ግምት ለመጋቢ ገመድ ስሌት ተገቢ ነው፤ ለዚህ መሣሪያ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ የመሣሪያው የጭነት ጥበቃ በዚህ ግምት ላይ ብቻ እንዳይመሠረት ደንግጓል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ላይ ከፊውዝ ምልክት ጋር የሚታየው 63 ለሾርት ሰርኪት የተሰጠ ነው፤ ከጭነት ለመጠበቅ የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ መቍጠሩ ስሕተት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከመሣሪያው በኋላ ያሉት ብሬከሮች ድምር ከመሣሪያው ዐቅም አይበልጥ፤ ወይም ከፊቱ የሚቆመው ብሬከር ከዚያ አይለፍ። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለ 40 አምፔር ብሬከር በደረጃው መሠረት 45 አምፔር ገደማ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቈርጥ ያሳልፋል። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች የፊተኛው መጠን ዝቅ እንዲል ያዛሉ፤ መመሪያቸው ሳይነበብ አይታለፍ። ሦስተኛው መንገድ ፍሳሽንም ጭነትንም የሚቈርጠውን ጥምር መሣሪያ በየመስመሩ ማቆም ነው፤ ለምጣድ መስመር ከሁሉ የሚመረጠው ይኸው ነው።

በተሠሩ ቤቶች ፍተሻ የሙከራው ቍልፍ ተጭኖ መሣሪያው ስለቈረጠ ብቻ ሥራው አያበቃም። ቍልፉ የሚፈትነው የፍሳሹን ክፍል ነው፤ የጭነቱ ነገር የሚታወቀው ሰሌዳው ተከፍቶ በብሬከሮቹ ላይ የተጻፉት ቍጥሮች ሲደመሩ ነው።