ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሚሠራ ደማቅ ብርድ ልብስ
በቢቸናና በሞጣ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ይኸውም ስለ መርፌና ስለ ክር፥ ስለ ቁርጥራጭ ጨርቅም ነው። ነገር ግን ትንሽ የሚመስል ሁሉ ትንሽ አይደለም። በዚህ ነገር ውስጥ የልጆች ሙቀት አለበት፤ የሒሳብ ትምህርት አለበት፤ ከሁሉም ይልቅ የእጅ ሥራን የምንንቅበት አሮጌ ልማዳችን አለበት።

አገራችን ብርድ የሚበረታባት እንደ ሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ የጮቄ ተራራም ከ4000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነፋሱ የጭቃውን ግድግዳ ዘልቆ ሲገባ፥ ጋቢ ያለው በጋቢው ይጠቀለላል፤ የሌለው ልጅ ግን ከወንድሙ ጋራ ተቃቅፎ ያድራል። በማግሥቱም ትምህርት ቤት መጥቶ ቢያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል። በሌላ በኩል፥ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፥ ልብስ ሰፊዎች ከስፌት መኪናቸው ሥር የሚጥሉት ቁርጥራጭ በነፋስ ይበተናል። ብርዱም አለ፤ ጨርቁም አለ፤ የጐደለው ሁለቱን የሚያገናኝ እጅ ብቻ ነው።

«ይህማ ድሪቶ ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ድሪቶ በእኛ ዘንድ የድኽነት ምልክት ነውና ስሙ ራሱ ያሳፍራል። ነገር ግን ሁለቱን ለይተን እንመልከት። ድሪቶ የሚባለው ልብሱ በተቀደደበት በኩል፥ እራፊው እንደ ተገኘ የሚጣፍበት ነው፤ በዚያ ቀዳዳው ይመራል፥ መርፌው ይከተላል። እኔ የምናገርለት ግን አስቀድሞ ንድፉ የሚታሰብ፥ ልኩ የሚለካ፥ ቀለሙ የሚመረጥ ነው፤ በዚህ ሐሳብ ይመራል፥ መርፌው ይከተላል።

ይህም ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቅኔ የቈጠረ ሁሉ ጉባኤ ቃና በ2 ቤት፥ ዘአምላኪየ በ3 ቤት፥ መወድስ በ8 ቤት እንደሚቆም ያውቃል፤ የቤቱ ቍጥር ከጥንት የተወሰነ ነው፥ ቃሉና ምሥጢሩ ግን የባለቅኔው ነው። እናቶቻችንም መሶብ ሲሰፉ አለላውን በወስፌ እየቈጠሩ ያገባሉ፤ አንዲት ስፌት ብትዘለል የመሶቡ መልክ እንደሚዛባ ያውቃሉ። ሸማኔውም ጥለቱን የሚያወጣው ድሩን ቈጥሮ ነው። እንግዲህ ንድፍ ማለት የቤቱን ልክ መወሰን ነው፤ ቀለም መምረጥ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ቃል እንደ ማግባት ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በቤንጋል አገር ሴቶች ያረጀ ልብሳቸውን ደራርበው በመርፌ በመስፋት ካንታ የሚባል መደረቢያ ይሠራሉ። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቍር ሴቶች፥ የባሪያዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፥ ከተበላ የእርሻ ልብስ ቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ይሰፉ የነበሩት ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ነበር እንጂ ለመደነቅ አልነበረም። ሥራቸው ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ በታላቅ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታየ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ መሥሪያ ቤት የአንዳንዱን መልክ በቴምብር አትሞ አወጣው። በመንደር ጎጆ የተሰፋ ጨርቅ እስከዚህ ከደረሰ፥ ድኽነትን የሚያሳፍር ያደረገው የሰው አመለካከት እንጂ ጨርቁ እንዳልሆነ እንረዳለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ክፍል 30 ልጆች ቢኖሩት፥ እያንዳንዱ ልጅ አንድ «ቤት» ይሥራ። አንዱ ቤት 9 እራፊ አለው፤ በአግድም 3፥ በቁም 3 ማለት ነው። እያንዳንዱ እራፊ በየጐኑ 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቈረጥ፤ በየዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ቤት ተሰፍቶ ሲያልቅ በየጐኑ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቤቶቹን በወርድ 5፥ በርዝመት 6 አድርገን ስንገጥማቸው፥ ወርዱ 150 ርዝመቱ 180 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ይወጣል፤ ይህም ሁለት ሕፃናትን ያለብሳል።

የቀለሙ ሥርዐት እንዲህ ነው። 15ቱ ልጆች አራቱን ማዕዘንና መካከሉን ባለ ቀለም፥ የቀሩትን 4 ነጭ ያድርጉ። ሌሎቹ 15 ልጆች ደግሞ ይህንኑ ገልብጠው 5ቱን ነጭ፥ 4ቱን ባለ ቀለም ያድርጉ። ሁለቱ ዐይነት ቤቶች እየተፈራረቁ ሲጋጠሙ ነጩና ባለ ቀለሙ እንደ ዳማ ገበታ ይከታተላሉ። መምህሩም ልጆቹን «እራፊው ሁሉ ስንት ነው? ነጩስ ስንት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጠቅላላው 270፥ ነጩ 135፥ ባለ ቀለሙም 135 እንደ ሆነ ራሳቸው ይድረሱበት። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ቢገኝ፥ በአንድ ተርታ 7 እራፊ ስለሚወጣ በ20 ተርታ፥ ማለት በ2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር፥ ነጩ ሁሉ ይሞላል። ማባዛትና ማካፈል ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ከመቍረጥ በፊት ጨርቁ ሁሉ ይታጠብ። አዲስ እራፊ በአሮጌ ልብስ ላይ እንዳይጣፍ በወንጌል የተነገረው ምሳሌ በሥራም እውነት ነው፤ ውሃ ያልነካው ጥጥ በኋላ ሲታጠብ ይኰማተራል፥ ጐረቤቱንም ይስበዋል። ቀይ ጨርቅ ደግሞ ለብቻው ደጋግሞ ይታጠብ፤ ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ከነጩ ጋራ አይገናኝ።

ልኩን ከካርቶን አንድ ጊዜ ቈርጣችሁ ለሁሉ በዚያው አስምሩ። ልጅ ከተቈረጠው እራፊ ላይ ሌላ እራፊ እየለካ ቢቈርጥ፥ ጥቂቱ ስሕተት እየተወለደ ይበዛልና። ስፌቱም በመሥመሩ ላይ ይሁን። በየዳሩ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ተጨምሮ ቢገባ አንዱ እራፊ 2 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ በ18 እራፊ ርዝመት ግን 36 ሚሊ ሜትር ይጐድላል፥ የአንዱ ልጅ ቤት ከጐረቤቱ ቤት ጋራ አይገጥምም። የራስን ድርሻ በልክ አለመሥራት ሌላውን እንደሚያውክ ልጁ በዐይኑ ያያል።

ሁለቱ እራፊዎች መልካቸው ፊት ለፊት ተገናኝቶ በጀርባቸው በኩል ይሰፉ። አስቀድሞ ሦስት ሦስቱ በተርታ፥ ከዚያ ሦስቱ ተርታ እርስ በርሱ ይያያዝ፤ በ8 ስፌት አንድ ቤት ይፈጸማል። ቤቶቹን ማጋጠም የትልልቆቹ ልጆች ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ልኩ እኩል የሆነ ገበር መልኩን ወደ ውስጥ አድርጎ በሦስት ጐን ይሰፋ፤ ይገልበጥና ባዘቶ በስሱ ይነጠፍበት፤ ባዘቶ ባይኖር ያረጀ ጋቢ ይግባበት፤ አራተኛው ጐንም ይዘጋ። ውስጡ እንዳይሰበሰብ፥ ቤቶቹ በሚገናኙባቸው በ20ው ማዕዘኖችና በ30ው ቤቶች መካከል፥ በ50 ስፍራ በድርብ ክር ይቋጠር።

ስለ ቀለም አንድ ቃል ልጨምር። «ለመኝታ ምን ጌጥ ያስፈልገዋል?» አትበሉ። ድኻ ጨለማ ልብስ ብቻ እንዲለብስ የተፈረደበት ነገር የለም። የመስከረም አደይ በባለጠጋውም በድኻውም ማሳ ዳር እኩል ትፈካለች። ቢጫውን፥ ቀዩን፥ አረንጓዴውን በአንድ ወገን አታከማቹ፤ ዐይን ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ በየስፍራው ደስታ እንዲያገኝ በትኑት።

እናንተ መምህራን ከሁሉ ይልቅ የምትጠነቀቁለት ነገር ይህ ነው። ጨርቅ ከቤቱ ሊያመጣ የማይችል ልጅ አለ። እርሱን በጓደኞቹ ፊት ባዶ እጁን አታቁሙት። የመጣው ሁሉ፥ ከልብስ ሰፊዎች የተለመነውም ጭምር፥ በአንድ ሰፌድ ይቀላቀል፤ ታጥቦና ተቈርጦ ለሁሉ እኩል ይታደል። ያን ጊዜ የማን ጨርቅ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አይኖርም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ ኮሮጆ አንግቤ ተምሬአለሁ፤ በልብሱ የሚታይ ልጅ ልቡ እንዴት እንደሚያንስ ዐውቃለሁ።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ «ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ ምን ሊሆን ነው?» ትሉ ይሆናል። ብራናውን የሚሰፋ፥ መጽሐፉን የሚጠርዝ ወንድ አይደለምን? ሸማኔውስ፥ በየከተማው በረንዳ የተቀመጠው ልብስ ሰፊስ? ባለ እጅን በሥራው መስደብ ግን አገራችንን ብዙ ዘመን ጐድቷታል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፥ ስድቡ ግን ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። ዐዋጅ ያልጨረሰውን በልጅነት የተለመደ ሥራ ሊጨርሰው ይችላል፤ ስፌት የቱን ያህል ትዕግሥትና ሒሳብ እንደሚጠይቅ በእጁ ያወቀ ልጅ ሰፊን አይሰድብምና።

ይህም ሥራ የንባብንና የጽሕፈትን ጊዜ አይውሰድ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃዋል። መቀሱን መምህሩ ይያዝ፤ መርፌዎቹ ሲሰጡም ሲመለሱም ይቈጠሩ። ብርድ ልብሱ ሲያልቅ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ገና ሳይጀመር በሽማግሌዎች ፊት ይወሰን፤ በዕጣ ቢሆን በዕጣ፥ ብርድ ለበዛበት ልጅ ቢሆን ለእርሱ፤ ካለቀ በኋላ የሚነሣ ክርክር የ30 ልጆችን ድካም ያበላሻልና። ለችግረኛ ልጅ እንዲሰጥ ከተወሰነም በጭብጨባ መካከል አይሰጠው፤ በጸጥታ ወደ ቤቱ ይላክለት።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። 270 እራፊ ለአንድ ሰው የክረምት ድካም ነው፤ ለ30 ልጆች ግን ለእያንዳንዳቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ብቻ ነው። እንግዲህ መምህራን ካርቶኑን ቍረጡ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ለልብስ ሰፊዎቹ ንገሩልን፤ ቁርጥራጩን ከእንግዲህ ለነፋስ አይስጡት፥ ለልጆቻችን ያኑሩልን።