«ሚስት ይሻልሃል ወይስ ልጅ?» ተባልኩ

(ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ በሰፈራቸው የዕድር ስብሰባ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ።)



የዕድራችን ዳኛ «ስለ ጤና ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ የማውቀው በገዛ ቤቴ የደረሰውን ብቻ ነው። ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ። «ተናገር፤ ግን እንዳታሳምረው» ብላኛለች።

ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ልጅ ግን የለም። በየዓውደ ዓመቱ «እስቲ ለከርሞ ልጅ ታቅፋችሁ ያሳየን» የሚለውን ምርቃት ታውቁታላችሁ። ምርቃት ነው፤ ሲደጋገም ግን እንደ ክስ ይሰማል። ጠበል የምትሄደው እሷ፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ፣ ማህፀኗ በራጅ የሚታየው የሷ። እኔማ ወንድ ነኝ! አምስት ዓመት ሙሉ «እኔ ምን ሆኜ?» እያልኩ አልተመረመርኩም። በመጨረሻ እያፈርኩ ብመረመር የዘር ፍሬዬ ቁጥር ከሚገባው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወንዶች ስሙኝ፤ ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች እስከ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ የወንዱም ድርሻ አለበት። ታዲያ «መካን» የሚለው ስድብ ለምን ለሴት ብቻ ተሰፋ?

እንቁላልና የዘር ፍሬን ከሰውነት ውጭ የማገናኘቱ ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ እንግሊዛዊቷ ሉዊዝ ብራውን፣ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ዛሬ እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት። («የብልቃጥ ልጅ ሰው ይሆናል ወይ?» ለምትሉ ነው!) በአገራችንም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ ሕክምናው በመንግሥት ሆስፒታልም ገብቷል። እኛ ዕቁብ ወጥቶልን፣ የጎደለውን ተበድረን አንድ የግል ክሊኒክ ጀመርን።

መርፌው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ ማታ አልጋ ላይ እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አስቀመጠችው። እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር። «መቼ ነው?» አልኳት። ሁለት ወር ሆኖት ኖሯል! ለምን ደበቀችኝ? «ከነገርኳችሁ የልጁን ሕክምና ታስቆሙብኛላችሁ» ብላ ነው። ወገኖቼ፣ ልጅ ማጣት ሰውን እዚህ ድረስ ያደርሰዋል።

ናሙና ተወሰደ። የጡት ካንሰር ነው ተባለ። ዕድሜዋ 34 ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር እስካሁን ያናድደኛል። የካንሰሩ ሐኪም «ቀዶ ሕክምናው ይደረግ፣ ከዚያ ኬሞ፤ አሁን ስለ ልጅ የሚታሰብበት ጊዜ አይደለም» አሉ። የመካንነቱ ሐኪም ደግሞ ስለ ካንሰሩ የሰሙት ከኛ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች አይተዋወቁም፤ ወረቀት ይዘን ከአንዱ ወደ አንዱ የምንሮጥ ፖስታ ቤቱ እኛ ነበርን። ኬሞ የሚያድን መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ሴት ልጅ ይዛው የተወለደችውን፣ ሊተካ የማይችለውን የእንቁላል ክምችት ሊያጠፋ እንደሚችል የነገረን ማንም አልነበረም። የሰማነው ወረፋ ላይ አጠገባችን ከተቀመጠች አንዲት ታማሚ ነው። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት አንዲትን ሴት «ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እኮ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም!

ዘመድ ተሰበሰበ። አጎቴ «እንግዲህ ልጄ፣ ሚስት ይሻልሃል ወይስ ልጅ?» አሉኝ። እናቴ ደግሞ ጓዳ ጠርታኝ ከሌላ ወልጄ እንዳመጣ መከረችኝ፤ ክፋት ኖሯት አይደለም፣ ዘሬ እንዳይጠፋ ብላ ነው። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ሁሉንም ትሰማለች። ሲኒውን አስቀመጠችና «በሽታው የኔ፣ እንቁላሉም የኔ። እስቲ አንድ ሰው እኔን ይጠይቀኝ» አለች። ቤቱ ጭጭ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እስከዚያች ሰዓት አልጠየቅኋትም ነበር።

የፈለገችው ሁለቱንም ነው። ተመልሰን ሁለቱን ሐኪሞች በስልክ አገናኘናቸው። ለካ መንገድ ነበረው! ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኬሞው እስኪጀመር ባሉት ሳምንታት ውስጥ ለአሥራ አንድ ቀን ሆዷ ላይ በየቀኑ መርፌ ተወጋች። ካንሰሯ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ ሆርሞኑ ከፍ እንዳይል ሌትሮዞል የሚባል ክኒን አብሮ ተሰጣት። ስምንት እንቁላል ወጣ። የኔ ፍሬ ደካማ ስለሆነ አንድ አንዱን እየመረጡ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ አስገቡት። ሦስት ፅንስ ተገኘና በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ተቀመጠ። በሳምንቱ ኬሞው ተጀመረ።

ፀጉሯ ሲረግፍ ስለ ሦስቱ ፅንሶች አንድም ቀን አላወራንም። የምናወራው ስለ ማቅለሽለሽና ስለ ታክሲ ነው። እናቴ በየቀኑ አጥሚት ይዛ ትመጣ ነበር፤ ያን የጓዳ ምክር ደግማ አላነሳችውም።

አሁን ታሞክሲፈን ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ይወሰዳል ተብሏል፤ እየወሰዱ ማርገዝ ግን አይቻልም፣ ፅንሱን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት አለ። እንደሷ ዓይነት ካንሰር የነበረባቸው ከአምስት መቶ በላይ ሴቶች መድኃኒቱን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ወስደው፣ ለመውለድ ቢበዛ ለሁለት ዓመት አቋረጡት። በሦስት ዓመት ገደማ ክትትል በሽታው ካላቋረጡት በበለጠ አልተመለሰባቸውም። ሐኪሟ ይህን አስረድተዋታል፤ ሦስት ዓመት አጭር ጊዜ መሆኑንና ካንሰሩ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ እንደሚችል ግን አልደበቋትም።

እንግዲህ ከፊታችን ያለው ጥያቄ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱን ታቋርጥ ወይስ ትቀጥል? አጎቴ በየሳምንቱ እየደወሉ «ምን ተወሰነ?» ይሉኛል። ባለቤቴ እዚያ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። መጠየቅ የምትፈልጉ እሷን ጠይቁ። ለኔም ገና አልነገረችኝም።