ኩላሊቷ የታመመ ድመት ምግብ እምቢ ስትል

ያረጁ ድመቶችን በብዛት ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው። ሐኪሞች የሚያዙት ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብ ዕድሜ እንደሚያራዝም ጥናቶች አሳይተዋል፤ ችግሩ ብዙዎቹ ድመቶች አሽትተው ጥለውት መሄዳቸው ነው። ታዲያ «ሲርባት ትበላዋለች» ብሎ መጨከን አደገኛ ነው። ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካልቀመሰች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ በስብ የታፈነ ጉበት ደግሞ ከኩላሊቱ ቀድሞ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያው መብላቷ ነው፤ ምን በላች የሚለው ቀጥሎ ይመጣል።

«እንዲህ ከሆነ ልዩ ምግቡ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ይጠቅማል፤ ጥድፊያ ግን አይወድም። ከለመደችው ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ በሳምንታት ውስጥ ማሸጋገር፣ እርጥቡን ምግብ ሽታው እንዲወጣ ለብ ማድረግ ይረዳል። እምቢታዋ አመል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ኩላሊት ሲደክም ያቅለሸልሻል፣ ለዚህም መድኃኒት አለ። መራራ ክኒን ግን በአዲሱ ምግብ ውስጥ አትደብቁባት፤ ከክኒኑ ጋር ምግቡንም ትጠላዋለች። ትብላልኝ ብላችሁ ወጥም አታቅምሷት፤ በውስጡ ያለው ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሳትውሉ ሳታድሩ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።