ጅብና ወሬው በጥናት ሚዛን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ እስከ እንጦጦ በተዘረጉት ኮረብቶች፣ ጅብ ከጥንት ጀምሮ የሰው ጎረቤት ነው። ከተማው ወደ የካ አባዶ እየሰፋ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ሲሠሩ ጉርብትናው ይበልጥ ተቀራረበ። ስለዚህ እንስሳ ከአበው የተላለፈው ወሬ ብዙ ነው። ሁሉንም እንዳለ መቀበልም ሆነ ሁሉንም ተረት ነው ብሎ መናቅ ለተማረ ሰው አይገባም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ሊመዘን ይገባዋል።

አንደኛው፣ ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚለው ነው። አሪስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመታት በፊት ይህን አስተባብሏል። ሆኖም ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም፤ የዥጉርጉሯ ጅብ ብልት የወንዱን ስለሚመስል ተመልካችን ያሳስታል። ያየው ዓይን አልዋሸም፤ የተሳሳተው ትርጓሜው ነው።

ሁለተኛው፣ ጅብ የሌላውን ትራፊ ብቻ ለቃሚ ነው የሚለው ነው። ሆላንዳዊው ሊቅ ሃንስ ክሩክ በታንዛኒያ ጅቦችን ሌሊት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ እንደሚያገኝ፣ በንጎሮንጎሮም አንበሳው የጅብን ግዳይ እንደሚነጥቅ አስረዳ።

ሦስተኛው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ምሳሌ ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ የቀረውን ፀጉር መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናታቸው የአህያ ፀጉር መጠን ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8፣ በጾሙ 33.1፣ ከጾሙ በኋላ 22.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ55ቱ ቀናት እርድ ስለሚቀንስ የሥጋ ትራፊ ይጠፋል፤ ጅቡም ወደ አህያው ይዞራል። ምሳሌው እውነት ሆኖ ሳለ ጥናቱ ጊዜውንና ምክንያቱን ጨመረለት።

ከዚህ ለየካ አባዶ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጅብ ምግቡን ይከተላል። ስለዚህ የሥጋ ቤትና የጓዳ ጥራጊ የሚጣልበት ቦታ የሕንጻው ፕላን አካል ሆኖ ሊታሰብ ይገባል።

አንዱ ወሬ ግን የጎዳው ሰውን ነው። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ለዘመናት ተፈሩ፤ ተናቁም። ለሚዛን የሚበቃ አንድም ማስረጃ ሳይኖር ማረሻ የሚሠራው እጅ ተዋረደ። ዛሬ ብረትን ለድልድይና ለሕንጻ የሚያውለው መሐንዲስ የዚያ ቀጥቃጭ የሙያ ወራሽ ነው። ስለሆነም ወሬን ሳይመዝኑ አለማመን ለእርሱ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የውለታም ዕዳ ነው።