በአብያታ ሐይቅ ዳር ያሳለፍነው ማለዳ

በተፈጥሮ ጥናት ክበብ ስም ለትምህርት ቤቱ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በጥር ወር የክበባችን አባሎች ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ አብያታ ሐይቅ ሄደን የውኃ ዳር ወፎችን ተመልክተን ተመልሰናል። ያየነውን እንድንነግራችሁ ስለ ተፈቀደልን ደስ ብሎናል።

ከባቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። ፀሐይ ከበረታች በነጩ መሬት ላይ አየሩ ስለሚርገበገብ በመነጽር እንኳ ወፍን ከወፍ መለየት ያስቸግራል። መኪናውን ትተን በእግር ስንጓዝ የፓርኩ ጠባቂ ከፊት ከፊታችን እየረገጠ መራን፤ መሬቱ ከላይ ደርቆ ቢታይም ከሥሩ ማጥ ነውና። ብዙ ከሄድን በኋላ ጠባቂው ቆም ብሎ፥ «ይህ የቆማችሁበት ውኃ ነበር» አለን። ሐይቁ ገና ሩቅ ነበረ።

ወፎቹን ተሰልፈው አገኘናቸው። ሰልፍ ማለታችን ለጨዋታ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንደ እግሩና እንደ መንቁሩ ርዝመት የራሱ ስፍራ አለው። በእርጥቡ ጭቃ ላይ፥ ከድንቢጥ የማትበልጥ፥ 25 ግራም ያህል የምትመዝን ወፍ እህል እንደ ፈሰሰበት ሰው ቶሎ ቶሎ እየለቀመች ትሮጣለች። ይህች ናት እንግዲህ በሩሲያና በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ተፈልፍላ መስከረም ገደማ እኛ ዘንድ የምትደርሰው! ከአባሎቻችን አንዱ፥ «ፓስፖርቷን ማን ያያል?» ብሎ አሳቀን። ቁርጭምጭሚት በሚያርስ ውኃ ውስጥ መንቁሩ ወደ ላይ የተቆለመመ ጥቁርና ነጭ ወፍ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ እንደ አጫጅ ያጭዳል። ከዚያ ወዲያ ፍላሚንጎዎች መንቁራቸውን ዘቅዝቀው፥ በዓይን የማይለይ አልጌ ከውኃው ያጠልላሉ።

ይህን ሁሉ ወፍ ያየ ሰው ሐይቁ ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል። እኛ ግን ስላላየነውም ጠየቅን። ፔሊካኖች ቀድሞ በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ፥ ለምግባቸው ግን ወደ አብያታ ይበሩ ነበር፤ 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ ዓሣ እምብዛም የለውምና። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለ ሆነ፥ የሚገባለት ውኃ ሲያንስ ሶዳው ይበረታል። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ያመጣለት የነበረው ውኃ በመስኖ ምክንያት ቀነሰ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮም የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃውን እየሳበ በገንዳ ሲያተን ቆየ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሐይቁ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጣ። ዓሣው ተመናመነ፤ ፔሊካኖቹም ራቁ። ለትንሿ ወፍ ግን ውኃው በሸሸ ቁጥር ለጊዜው አዲስ ጭቃ ይከፈትላታል። ስለዚህ የወፍ ብዛት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በየዓይነቱ መቁጠር ያስፈልጋል። በመስኖው የሚበቅለው ሽንኩርትና ቲማቲም ከእኛም ገበታ ስለሚቀርብ፥ ገበሬውን ለመውቀስ አልደፈርንም።

በየዓመቱ በጥር ገደማ በብዙ አገሮች የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ። እኛም የቆጠርንበትን ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ አኑረናል፤ በፔሊካን ስም ትይዩ ዜሮ ተጽፏል። በሚመጣው ጥር እንደገና ለመሄድ አስበናልና ወላጆች ልጆቻችሁን እንድትፈቅዱልን እንለምናለን። ለአሥራ ሁለት ልጆች የነበረን አንድ መነጽር ብቻ ነው፤ ያላችሁ ለአንድ ቀን ብታውሱን በደኅና እንመልሳለን።