ፎቶግራፍን በብረት ላይ ስለ ማተምና ስለ ወረቀቱ አመራረጥ

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ስለ መዋጮው ገንዘብ ያዣችን ይናገራሉ። እኔ የምናገረው ሊቀ መንበራችን ባዘዙኝ መሠረት ስለ ማስታወሻ ፎቶግራፉ ሥራ ነው። ላልመጡትም እንዲደርስ ንግግሬ እንዳለ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።

እንደምታስታውሱት በ2016 ዓ.ም. አባል ሲያርፍ የሟቹን ፎቶግራፍ በብረት ላይ አሳትመን ለቤተሰቡ እንድንሰጥ ወስነን ነበር። የሰፈራችን ወጣቶች ፕሪንተሩንና ሂት ፕሬስ የሚባለውን በሙቀት የሚጫን ማሽን አዋጥተው ስለ ገዙ፣ ሥራው ለነሱ እንጀራ፣ ለሐዘንተኛውም መጽናኛ ይሆናል ብለን ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ከሠራናቸው 7 ሰሌዳዎች ውስጥ 4ቱ ተበላሹ። አሁን በየቡና ቤቱ «ልጆቹ ሥራ አይችሉም» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ወረቀቱንና ላሜራውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ የመጣሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነና ለወደፊቱ ምን እንደምናደርግ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። በቁም ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይበላው የምናስቀምጠውን ናፍታሊን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳይቀልጥና ሳይፈስ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል፤ ሽታው ብቻ ይቀራል። ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ አየርነት ተለውጦ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለምም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። በወረቀት ላይ ታትሞ ከደረቀ በኋላ ወደ 200 ድግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ እንደ ጢስ ተነሥቶ ፖሊስተር ወደሚባለው ሽፋን ውስጥ ይገባል። ሲበርድ እዚያው ታስሮ ይቀራል። በላዩ የተለጠፈ ነገር ስላልሆነ በጥፍር ቢፋቅ አይነሣም።

ከዚህ የምንረዳው ወረቀቱ ዕቃ ተሸካሚ መሆኑን ነው። ጥሩ ተሸካሚ የተሰጠውን ሁሉ ያደርሳል፤ መጥፎው ግማሹን ለራሱ ያስቀራል። ተቀባዩም ብረቱ ራሱ አይደለም፤ በብረቱ ላይ የተቀባው ሽፋን ነው። ባዶ ብረት ይህን ቀለም አይቀበልም። እኔ ያላወቅሁት ይህንን ነበር።

እንግዲህ የተበላሹትን አንድ በአንድ ልናገር።

የመጀመሪያው የተበላሸው በላሜራው ምክንያት ነው። ከብረታ ብረት መሸጫ ተራ አሉሚኒየም አስቆርጬ አመጣሁ። ልጆቹ አትመው ቢጫኑት ጭጋግ የመሰለ ነገር ታየበትና በጨርቅ ሲወለወል ጠፋ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ፋብሪካው ፖሊስተርነት ያለውን ሽፋን ቀብቶ ያወጣው አሉሚኒየም ነው። በተጨማሪም ነጭ ሆኖ የተቀባውን መምረጥ ይገባል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ነጭ ቀለም የሚባል የለም። የነጠላው ነጭ፣ የሽማግሌው ሽበት፣ ሁሉም የሚወጣው ከሰሌዳው ነጭነት ነው። ሰሌዳው ብርማ ከሆነ ነጠላውም ብርማ ይሆናል።

ሁለተኛው በወረቀቱ ምክንያት ነው። ለሂሳብ ደብተራችን የምንጠቀምበትን ተራ የቢሮ ወረቀት ሰጠኋቸው። እኔ ወረቀት ወረቀት ነው ብዬ ነው። ተራ ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ሲሞቅም አይለቅም። ፊቱ ገርጥቶ በሽተኛ መስሎ ወጣ። የሰብሊሜሽን ወረቀት ግን በአንድ በኩል ቀለሙን ከላይ ይዞ የሚያቆይና ሲሞቅ የሚለቅ ቅባት አለው።

ሦስተኛው ምስሉ ተደራርቦ አንድ ሰው ሁለት አፍንጫ ያለው መስሎ የወጣው ነው። ልጆቹ ወረቀቱን በፕላስተር ሳያስሩ ስለ ተጫኑትና ማሽኑ ሲከፈት ወረቀቱ በትኩሱ ስለ ተንሸራተተ ነው። ይኼ የነሱ ነው፤ እነሱም አምነዋል።

አራተኛውን ስናገር አፍራለሁ። ሰሌዳው ደኅና ሆኖ ወጥቶ ነበር። የአንዲት እናታችን ልጅ ፎቶግራፍ ነው፤ መቃብሩ ላይ አደረግነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሲወጣ እናትዬው ቤቴ ድረስ መጥተው «ጸሐፊ፣ የልጄ ፊት እየጠፋብኝ ነው» አሉኝ። አብሬያቸው ሄጄ አየሁ። ቀዩ ሄዶ፣ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ይህ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ላይ ትበረታለች። ለውጭ ተብለው የሚሠሩ ልዩ ሰሌዳዎች አሉ፤ እኛ የገዛነው ግን ለቤት ውስጥ የሚሆነውን ነበር።

ውድ አባላት፤ ካለፈው ተምረን ሥራው እንዲቃና ወረቀት ስንገዛ የሚከተሉትን እንድናይ አሳስባለሁ።

1ኛ/ በማሸጊያው ላይ ለሰብሊሜሽን መሆኑ የተጻፈበት ይሁን። የካናቴራ ማተሚያ ወረቀት የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ እንደ ላስቲክ ያለ ስስ ሽፋን ጨርቅ ላይ ይለጥፋል። የሚያብረቀርቀውም ፕላስቲክ የተቀባ የፎቶ ወረቀት በሙቀት ቀልጦ ሰሌዳውን ያበላሻል።

2ኛ/ የሚጣበቅ ዓይነትና የማይጣበቅ ዓይነት አለ። የሚጣበቀው ጨርቅ ላይ እንዳይንሸራተት የተሠራ ነው። ለብረት የማይጣበቀውን እንግዛ።

3ኛ/ ውፍረቱ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 125 ግራም የሆነው ለኛ ፕሪንተር ይስማማል። በጣም ስስ የሆነው ቀለም ሲበዛበት ይኮማተራል፤ የተኮማተረበት ቦታም ምስሉ ላይ ይታያል።

4ኛ/ ብዙ ከመግዛታችን በፊት ጥቂት ገዝተን እንፈትን። ከተጫነ በኋላ ወረቀቱን አንሥታችሁ እዩት። ደብዛዛ ጥላ ብቻ ከቀረበት ጥሩ ነው። ብዙ ቀለም ከቀረበት ወይ ወረቀቱ መጥፎ ነው ወይ ሙቀቱ ወይም ጊዜው አንሷል።

5ኛ/ ወረቀቱ እርጥበት ይፈራል። በክረምት በላስቲክ ታሽጎ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ሲሞቅ እንፋሎት አውጥቶ ምስሉን ነጠብጣብ ያደርገዋል። ባለፈው ክረምት መጋዘን ውስጥ ከድንኳኑ ጋር ያስቀመጥኩት ለዚህ አይሆንም።

አሠራሩንም ልጆቹ በደንብ ስለ ተለማመዱት ባጭሩ እነግራችኋለሁ። ፕሪንተሩ የሰብሊሜሽን ቀለም የተሞላ መሆን አለበት፤ ተራ ቀለም አይሠራም። ፎቶግራፉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ ይታተማል፤ አለዚያ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ጽሑፉም አይነበብም። የሚታተመው ቅባት ባለበት በኩል ነው፤ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ነጣ የሚለው ፊት ነው። በወረቀቱ ላይ ቀለሙ ፈዞ ቢታይ አትደንግጡ፤ የሚደምቀው ሲሞቅ ነው። ወረቀቱ ጥቂት ደቂቃ ይድረቅ። ከሰሌዳው ላይ መከላከያው ስስ ላስቲክ ይላጥ፤ አቧራው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አንድ ፀጉር እንኳ ብትቀር ትታያለች። ከዚያ ወረቀቱ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ይታሰራል፤ ቀለም እንዳያመልጥ ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት ይደረጋል። ለስስ አሉሚኒየም 200 ድግሪ ገደማ፣ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ፣ መካከለኛ ወይም ቀለል ያለ ጫና ይበቃል። የሰሌዳው ሻጭ የጻፈው ካለ ግን የሱ ይቅደም። ሲያልቅ ወረቀቱ ሳይንሸራተት በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ሰሌዳው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይበርዳል። መስኮት ይከፈት፤ ሕፃናት አይቅረቡ።

በልብስ ካውያ ብንሞክረውስ ያላችሁኝ አላችሁ። ካውያ ሙቀቱ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ እጅም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አይሆንም።

እንግዲህ ለውሳኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሥራው ከልጆቹ እጅ እንዳይወጣ፤ ነገር ግን ወረቀቱንና ሰሌዳውን ራሳቸው መርጠው ይግዙ፣ እኔ ደረሰኙን ብቻ ልቀበል። ሁለተኛ፣ ይህ ፎቶግራፍ ለቤት ግድግዳ ብቻ ይሁን፤ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይሰቀል። ለመቃብር ስምና ዘመኑን ድንጋይ ላይ በሚቀርጹት ባለሙያዎች እናሠራ። ሦስተኛ፣ ሐዘንተኛው የሚያመጣው ፎቶግራፍ አንዳንዴ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ በዚያው ቀን ተገልብጦ በፊርማ ይመለስ። አራተኛ፣ የአራቱ ቤተሰቦች ሰሌዳ በማኅበሩ ወጪ እንደገና ይሠራ። የላሜራውንና የወረቀቱን ኪሣራ እኔ በየወሩ ከራሴ እከፍላለሁ።

የእናታችንን ከሁሉ አስቀድመን ብንሠራ ደስ ይለኛል። ዋናው ፎቶግራፍ በእጃቸው አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልጠፋም። ልጆቹ ትናንት በጥሩ ወረቀት ሙከራ ሠርተው አሳይተውኛል፤ የልጁ ጥርስ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሰሌዳው እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እናንተም ወጥታችሁ እዩና ፍረዱ። ከዚያ በኋላ እጅ በማውጣት እንወስናለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ