የሚከፍል እንግዳ
በጉሩንግ ተራራማ መንደሮች ስለ ተደረገ የእግር ጉዞ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ባለቤቱ ዋጋ አይጠራም፤ እንግዳው «ስንት ልክፈል?» ቢል ደግሞ ቤቱን እንደ ናቀ ይቆጠርበታል። የእኛ የአስጎብኚዎች እንጀራ ግን ከሚከፍል እንግዳ የሚገኝ ነው። ስለዚህም ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ ዋጋ የተከፈለበት መስተንግዶ መስተንግዶነቱን ሳያጣ ሊኖር ይችላልን? የሚል ነው። በኔፓል አገር፣ ከአናፑርና ተራሮች በስተደቡብ በሚገኙት የጉሩንግ ሕዝብ መንደሮች በእግር ስጓዝ ያየሁትን ለዚሁ ጥያቄ ማስረጃ አድርጌ አቀርባለሁ።

ጉሩንጎች ራሳቸውን «ታሙ» ብለው ይጠራሉ፤ ቋንቋቸውም ከቲቤት ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። በላምጁንግ፣ በካስኪ፣ በስያንግጃና በጎርካ አውራጃዎች የሚኖሩ ሲሆን፣ ቤቶቻቸው በድንጋይ የታነፁ፣ የብዙዎቹም ጣሪያ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ነው። ከሸለቆው ተነሥቶ የድንጋዩን ደረጃ የሚወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ የሩዝ እርከኖችን፣ ከዚያም የበቆሎና የዳጉሳ ማሳዎችን፣ ከመንደሩም በላይ ደኑንና የበጎቹን ግጦሽ ያገኛል። ማታ ከምድጃው ዳር ሲቀመጥ የሚቀርብለት ዲንዶ ከእኛው የዳጉሳ ገንፎ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጎኑም ጉንድሩክ የተባለው፣ ቅጠሉ ኮምጥጦ ከደረቀ በኋላ የሚሠራው ወጥ ይቀርባል፤ ከዳጉሳ የሚወጣ አረቄም አይጠፋም።

እንግዳን በየቤቱ በክፍያ የማሳደሩ ሥርዓት በኔፓል ቀድሞ የተደራጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በስያንግጃ አውራጃ በምትገኘው በሲሩባሪ መንደር ነው። እንግዶች ሲመጡ በባህላዊ ሙዚቃና በአበባ ጉንጉን ይቀበሏቸዋል፤ የት እንደሚያድሩ የሚወስነው ግን የመንደሩ ኮሚቴ ነው፤ እርሱም ቤቶቹን በተራ ይመድባል። የእቁብን ተራ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። እንግዳው ቤት የሚመርጥ ቢሆን ኖሮ ያማረ ቤት ያለው ሁልጊዜ ባገኘ፣ የሌለው ሁልጊዜ ባጣ፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር በመንገደኛ በተሻማ ነበር። ሒሳቡም በኮሚቴው በኩል ሲያልፍ በምድጃው ዙሪያ የገንዘብ ወሬ አይነሣም። የኔፓል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ ሥራ ደንብ ሲያወጣ፣ በማኅበር ለሚካሄደው መስተንግዶ ቢያንስ 5 ቤቶች እንዲተባበሩ አዘዘ።

በካስኪ የምትገኘው ጋንድሩክ በበኩሏ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። የአናፑርና የጥበቃ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው በዚህች መንደር ሲሆን፣ ዛሬ 7,629 ካሬ ኪሎ ሜትር ያጠቃልላል። ከጎብኚዎች የሚሰበሰበው የመግቢያ ክፍያ ለዚያው አካባቢ ጥበቃና ልማት ይውላል፤ «አማ ሳሙሃ» የተባሉት የእናቶች ማኅበራትም መንገድ ያጸዳሉ፣ ይጠግናሉ።

ይሁን እንጂ፣ ባልደረቦቼ፣ ጉዳዩን ከአንድ ወገን ብቻ ብናየው እንሳሳታለን። በላምጁንግ፣ በጋሌጋውን መንደር ባደርሁበት ክፍል ግድግዳ ላይ ወታደራዊ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ «አማ» ብለን የምንጠራቸው የቤቱ እናት፣ አልጋው የልጃቸው እንደ ነበረ፣ ታናሽ ወንድሙም በካታር የግንባታ ሠራተኛ እንደ ሆነ በአስተርጓሚ ነገሩኝ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1815 ጀምሮ ከእነዚህ ተራሮች ጉርካ የተባሉትን ወታደሮች ሲመለምሉ ኖረዋል፤ ከ1947 ወዲህም ወጣቶቹ ለብሪታንያና ለሕንድ ጦር ተከፍለው ገብተዋል። በኋላ ደግሞ የባሕረ ሰላጤ አገሮችና ማሌዥያ ተጨመሩ። እንግዲህ ለእንግዳ የሚሆን ክፍል የተገኘው ልጅ ስለሌለበት ነው። ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱብን ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አማ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ውኃ ሲቀዱ፣ እሳት ሲያነዱ፣ ለጎሿ ሣር ሲያቀርቡ ሰማሁ። የአበባውን ጉንጉን ያጠለቅሁት እኔ ነኝ፤ ሸክሙ ግን በእርሳቸው ጫንቃ ላይ ነበረ።

ሁለተኛው ሥጋት የባህሉ ነው። ጋቱ የተባለው የልጃገረዶች ጭፈራ የራሱ ወቅት አለው፤ ጨፋሪዎቹም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ስተው ይጨፍሩታል። ይህን ሥርዓት ለአንድ ምሽት እንግዳ ብሎ ቆርጦ ማሳየት ይቻላል፤ የሚታየው ግን ጋቱ አይሆንም። «ዛሬ ማታ እንዲጨፍሩልን ንገራቸው» ሲባል «ወቅቱ አይደለም» ብሎ መመለስ የአስጎብኚው ግዴታ ነው።

በአገራችንም በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ደጋ ላይ ገበሬዎች በማኅበር የእንግዳ ጎጆዎች ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ተቀብለዋል። በዚያ እንግዳው የሚያድረው ለእርሱ በተሠራ ጎጆ ነው፤ በጉሩንግ መንደር ግን በቤተ ሰቡ መካከል ያድራል። ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ የእንግዳውን ገንዘብ የመንደሩ ሰዎች ተስማምተው የሚያስተዳድሩት መሆኑ ግን ያመሳስላቸዋል።

ስለ ጥያቄዬ የደረስሁበት መልስ እንዲህ ነው። ክፍያ መስተንግዶን የሚገድለው እንግዳው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ቤት፣ ምግብና ጭፈራ ሲያማርጥ ነው። ተራውን መንደሩ ሲጠብቅ፣ የድካሙን ዋጋ የደከመው ሲያገኝ፣ እንግዳውም የቤቱን ሕግ ሲያከብር መስተንግዶው በሕይወት ይኖራል። የሥርዓቱ የመጨረሻ መለኪያ ግን የእንግዶቹ ቁጥር አይደለም፤ ከእነዚያ ፎቶግራፎች መካከል ስንቱ ወጣት ተመልሶ የገዛ አልጋውን ይጠይቃል የሚለው ነው። በተመለሰ ጊዜ እኛ ሌላ ማደሪያ ብንፈልግ የሙያችን ክብር እንጂ ኪሳራ አይሆንም።